የቪቦርግ ሴቶች፤ ከአንድ የእጅ ኳስ ክለብ ታሪክ ምን እንማራለን?

«የኳስ ታሪክም ታሪክ ነው እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ያነሳብኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው። እሱ የሚያውቀው ታሪክ የነገሥታት ታሪክ፣ የጦርነት ታሪክ፣ ቢበዛ የመሬት ሥሪት ታሪክ ነው። እኔ ደግሞ ለዚህ ዕትም የማዘጋጀው ጽሑፍ በዴንማርክ አገር ስለሚገኝ አንድ የሴቶች የእጅ ኳስ ክለብ መሆኑን ስነግረው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «አንተ ሰው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይህ ሁሉ መጽሐፍ ተደርድሮ አንተ ኳስ ትቆጥራለህ?» አለኝ። የዚያን ዕለት መልስ አልሰጠሁትም። መልሴ ይህ ጽሑፍ ነው።

ነገሩን በአንድ ቁጥር ልጀምር። ከ2004 እስከ 2010 ባሉት ሰባት ዓመታት ውስጥ የአውሮፓ ሴቶች የእጅ ኳስ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ሰባት ጊዜ ለአሸናፊ ተሰጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሰባቱ ስድስቱን የወሰዱት የአንዲት ትንሽ አገር የሁለት ትናንሽ ከተሞች ክለቦች ናቸው። ስላግልሰ የተባለው በ2004፣ በ2005 እና በ2007፤ ቪቦርግ የተባለው ደግሞ በ2006፣ በ2009 እና በ2010 ወስደዋል። ከ2004 በፊት አንድም የዴንማርክ ክለብ ይህን ዋንጫ አላገኘም። ከ2010 በኋላ እስከ 2025 ድረስም አንድም አላገኘም። እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? እንደ ክረምት ጎርፍ ድንገት ሞልቶ ድንገት የጎደለው ምን ዓይነት ኃይል ነው? ከየት መጣ? ወዴትስ ሄደ? ለእኔ ይህ የታሪክ ጥያቄ ነው። ታሪክ ካልተባለ ሌላ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም።

ሀ. ጨዋታው

ብዙዎቻችን የእጅ ኳስን የምናውቀው በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ነው። ሜዳው 40 ሜትር በ20 ሜትር ነው። በእያንዳንዱ ወገን በረኛዋን ጨምሮ ሰባት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ጎሉ 3 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት አለው። ከጎሉ ስድስት ሜትር ርቆ የተሰመረውን መስመር ከበረኛዋ በቀር ማንም ረግጦ አይገባም፤ ስለዚህ አጥቂዋ ከመስመሩ ውጪ ተነሥታ አየር ላይ ሳለች ትወረውራለች። ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ይጫወታሉ። በአንድ ጨዋታ ሃምሳ ጎል መቆጠሩ ብርቅ አይደለም። ፈጣን ነው፣ ግፊያና ትከሻ ያለበት ነው፤ «ለሴት አይመችም» የሚለውን ሰው አፉን የሚያስይዝ ጨዋታ ነው።

የጨዋታው አንዱ ምንጭ እዚያው ዴንማርክ ነው። በኮፐንሃገን አጠገብ በምትገኘው በኦርድሩፕ ሆልገር ኒልሰን የተባለ አስተማሪ በ1898 ገደማ ተማሪዎቹን ኳስ በእጅ ያጫውት ጀመር። ሲወራ እንደሚሰማው፣ ልጆቹ ጠባብ ግቢ ውስጥ በእግር ሲጫወቱ መስኮት እየሰበሩ ስላስቸገሩ ነው። በ1906 ደንቡን ጽፎ አሳተመ። ይህ ኒልሰን ቀላል ሰው አልነበረም፤ በ1896 በአቴንስ በተደረገው የመጀመሪያው ኦሊምፒክ በጎራዴ ግጥሚያና በተኩስ ሜዳልያ አግኝቷል፤ በኋላም ውኃ የበላውን ሰው ትንፋሽ የሚመልስ፣ በስሙ የሚጠራ የእርዳታ ዘዴ አውጥቷል።

ሁለተኛው ምንጭ ጀርመን ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። በ1917 ማክስ ሃይዘር የተባለ ጀርመናዊ በበርሊን የእጅ ኳስን ደንብ ሲያወጣ ያሰበው ለሴቶች ነበር። ወንዶቹ በጦር ግንባር በሚያልቁበት በዚያ ዓመት የተጻፈው ደንብ የሴቶች ደንብ ነበር ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርል ሼለንዝ ደንቡን አሻሽሎና አጠንክሮ የወንዶች አደረገው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ የታወቀ ነው። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ በትልቅ ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ሆነው የተጫወቱት ወንዶች ናቸው፤ በአዳራሽ ውስጥ የሚደረገው ዓይነት በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ ሲገባም ለወንዶች ብቻ ነው። ሴቶቹ የገቡት በ1976 በሞንትሪያል ነው። በመጀመሪያ ለሴቶች ታስቦ ደንብ የወጣለት ጨዋታ በኦሊምፒክ ለሴቶች እስኪደርስ ከወንዶቹ አርባ ዓመት ዘገየ። «የኳስ ታሪክም ታሪክ ነው እንዴ?» ላለኝ ጓደኛዬ የመጀመሪያው መልስ ይኸው።

ለ. ከተማው

ቪቦርግ ዩትላንድ በተባለው የዴንማርክ ልሳነ ምድር መካከል ላይ የምትገኝ ያረጀች ከተማ ናት። ሕዝቧ ብዙ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ብትሆን መካከለኛ የአውራጃ ከተማ ብለን የምናልፋት ናት። ታሪኳ ግን ከቁመቷ ይበልጣል። በመካከለኛው ዘመን የዩትላንድ ሸንጎ የሚቀመጠው እዚያ ነበር፤ የዴንማርክ ነገሥታትም በቪቦርግ ሸንጎ ፊት ቀርበው በሕዝብ እልልታ ይታወጁ ነበር። በ1520ዎቹ ሐንስ ታውሰን የተባለው መነኩሴ የሉተርን ትምህርት የሰበከው በዚያች ከተማ ነው፤ በዴንማርክ የሃይማኖት ተሐድሶ ሥር የሰደደባት ከተማ የምትባለውም ለዚህ ነው። ሁለት ግንብ ያለው ትልቁ ካቴድራሏ ከ1864 እስከ 1876 እንደገና ተሠርቷል።

ከዚያ በኋላ ግን የአገሪቱ ሥልጣንና ሀብት ወደ ኮፐንሃገንና ወደ ባሕር ጠረፍ ከተሞች ሄደ። ቪቦርግ የፍርድ ቤትና የአስተዳደር ከተማ፣ የገበሬ ገበያ ሆና ቀረች። እንዲህ ያለች ከተማ ስሟ በአገር እንዲጠራ ምን አላት? ድሮ ንጉሥ ነበራት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ደግሞ የሴቶች የእጅ ኳስ ቡድን ኖራት።

ሐ. ማኅበሩ

የቪቦርግ የእጅ ኳስ ክለብ የተቋቋመው በ1936 ነው፤ የዴንማርክ የእጅ ኳስ ፌዴሬሽን በ1935 በተመሠረተ ማግሥት ማለት ነው። ሲቋቋም ኩባንያ አልነበረም፣ ማኅበር ነበር እንጂ። ይህን ልዩነት ሳንረዳ የኋላውን ታሪክ አንረዳውም።

በዴንማርክ አንድ መንደር ውስጥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ደንብ ይጽፋሉ፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፣ መዋጮ ይጥላሉ፤ በቃ ማኅበር ሆነ። እኛ እድርና ማኅበር ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆቹን የሚያሠለጥነው የአንዷ አባት ነው። ለውድድር ወደ ሌላ ከተማ በመኪና የምታደርሳቸው የሌላዋ እናት ናት። በአዳራሹ መግቢያ ቡና የሚሸጡትም አባላቱ ናቸው። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ዓመታዊ ጉባኤ አለ፤ ገንዘብ ያዡም ሒሳቡን ቆሞ ያነባል።

የዚህ ዓይነቱ ማኅበር ክንፍ ያወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሦስት ምክንያቶች አሉ እላለሁ።

አንደኛ፣ አዳራሽ። የዴንማርክ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ በውጭ ሜዳ መጫወት የሚቻለው ለጥቂት ወራት ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በየከተማውና በየገጠሩ የስፖርት አዳራሾች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። በ1968 የወጣው የትርፍ ጊዜ ሕግም ማዘጋጃ ቤቶች ለማኅበራት ቦታና ድጎማ እንዲሰጡ መሠረት ጣለ። አዳራሽ ሲኖር ክረምቱ የጨዋታ ወቅት ሆነ።

ሁለተኛ፣ የሴቶች ኑሮ መለወጥ። በዚያው ዘመን የዴንማርክ ሴቶች በብዛት ከቤት ወጥተው ሥራ ያዙ፤ የሕፃናት መዋያ ተስፋፋ፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ማታ ማታ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ልምምድ መሄዷ የተለመደ ሆነ።

ሦስተኛ፣ የወንዶቹ እግር ኳስ። እግር ኳሱ ሜዳውንም፣ ጋዜጣውንም፣ ወንዶቹንም ይዞ ነበር። የእጅ ኳስ አዳራሽ ግን ለሴት ልጅ ክፍት ነበር። ስለዚህ ሩጫ የምትወድ፣ ጉልበት ያላት፣ መሸነፍ የማትወድ ልጃገረድ የምትሄደው ወደዚያ ነው። ውጤቱም ቶሎ ታየ። በ1962 በሩማንያ በተደረገው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ዴንማርክ ሁለተኛ ወጣች።

መ. ወርቁ ዘመን

ቀጥሎ ያለው ሃያ ዓመት የምሥራቅ አውሮፓ ዘመን ነው። የኪየቩ ስፓርታክ በኢጎር ቱርቺን አሠልጣኝነት አሥራ ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። መንግሥት ራሱ ስፖርቱን በያዘበት ሥርዓት ፊት የዴንማርክ የመንደር ማኅበር ምን አቅም ነበረው? ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ግን ያ ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ፤ በሩም ተከፈተ።

በ1991 ኡልሪክ ቪልቤክ የዴንማርክ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆነ። በ1994 ቡድኑ የመጀመሪያውን የአውሮፓ ሻምፒዮና አሸነፈ። በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ደቡብ ኮሪያን በጭማሪ ሰዓት 37 ለ33 ረታ። በዚያው ዓመት በገዛ አገሩ የተደረገውን የአውሮፓ ሻምፒዮና ደገመ። በ1997 በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ኖርዌይን 33 ለ20 አደቀቀ። ሦስቱን ማዕረግ ባንድ ጊዜ የያዘ የሴቶች ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ከቪልቤክ በኋላ በያን ፒትሊክ ሥር ደግሞ በ2000 በሲድኒ ሃንጋሪን 31 ለ27፣ በ2004 በአቴንስ ደቡብ ኮሪያን ከሁለት ጭማሪ ሰዓት በኋላ በመለያ ምት አሸንፎ ሦስት ኦሊምፒክ በተከታታይ ወሰደ።

አገሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተከለ። ከዚያ በፊት ሴት ስፖርተኛ በጋዜጣ ጥግ በሁለት መስመር ትጠቀስ ነበር፤ አሁን ግን አንያ አንደርሰንን የማያውቅ ልጅ ጠፋ። አንያ በ1997 የዓለም ኮከብ ተጫዋች ተብላ የተመረጠች፣ በእጇ ኳስ የምታታልል፣ ከዳኛም ከአሠልጣኝም ጋር የምትሟገት ጉድ ነበረች።

ቪቦርግም በዚህ ማዕበል ላይ ነው የተነሣው። በ1994 የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓ የእጅ ኳስ ፌዴሬሽን ዋንጫን ወሰደ። ይህንኑ ዋንጫ በ1999 እና በ2004 ደገመው። ከ1999 እስከ 2002 የአገሩን ሻምፒዮና አራት ጊዜ በተከታታይ በላ። ትልቁ ዋንጫ ግን እያንገራበደ አልገባ አለው። በ1997 በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በስፔኑ የቫሌንሲያ ክለብ፣ በ2001 በስሎቬኒያው ክሪም ሊዩብሊያና ተሸነፈ። ሁለት ጊዜ ደጁ ደርሶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

ሠ. ማኅበሩ ኩባንያ ሲሆን

ታዲያ የሕዝብ ዓይን ሲበዛ ገንዘብም ይከተላል። ዴንማርክ ለእግር ኳሰኞች እንኳ ደመወዝ መክፈልን የፈቀደችው በ1978 ነበር። የእጅ ኳስ ሴቶች ለረጅም ጊዜ ቀን ነርስ፣ አስተማሪ ወይም ተማሪ፣ ማታ ተጫዋች ነበሩ። በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ ግን ትልልቆቹ ክለቦች ተከፈሉ። ከታች የልጆቹ ማኅበር እንደ ጥንቱ ይቀጥላል፤ ከላይ ግን ዋናው ቡድን የአክሲዮን ኩባንያ ይሆናል። ኩባንያው ዲሬክተር አለው፣ ባለአክሲዮን አለው፣ ማሊያው ላይ ስማቸውን የሚጽፉ ድርጅቶች አሉት። ተጫዋቿ ውል ትፈርማለች፣ ደመወዝ ትቆርጣለች፣ ቀንም ትለማመዳለች።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አንዲት ሴት በኳስ ችሎታዋ ብቻ የቤት ኪራይ ልትከፍል የምትችልበት ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነበር። የዴንማርክ ሊግ አንዱ ሆነ፤ እንዲያውም በዚያን ጊዜ ከሁሉ የበለጠ የሚፈለገው እሱ ነበር። ስለዚህ ከኖርዌይ፣ ከጀርመን፣ ከሩማንያ፣ ከባልካን አገሮች ሴቶች መጉረፍ ጀመሩ። ጀርመናዊቷ ግሪት ዩራክ በ2004 ቪቦርግ ገባች። ሩማንያዊቷ ክርስቲና ቫርዛሩ መጣች። ከዴንማርኮቹ ደግሞ እንደ ሪኬ ስኮቭና ሃይዲ አስትሩፕ ያሉት የክለቡ ምሰሶዎች ነበሩ።

በሼላንድ ደሴት በምትገኘው በስላግልሰ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አንያ አንደርሰን መጫወት ካቆመች በኋላ እዚያ አሠልጣኝ ሆነች፤ ያችን ትንሽ ከተማ በ2004 እና በ2005 የአውሮፓ ሻምፒዮን አደረገቻት። ከሞንቴኔግሮ ኒክሺች የመጣችው ቦያና ፖፖቪች የዚያ ቡድን ሞተር ነበረች። አንያ ግን ዱሮም አንያ ናት። በ2006 ጥር ወር ከአልቦርግ ቡድን ጋር ሲጫወቱ በዳኞቹ ተናዳ ተጫዋቾቿን ከሜዳ ይዛ ወጣች፤ ታገደችም። አገሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ያበደች ናት» ሲል ሌላው «ወንድ አሠልጣኝ ሲጮህ ጀግና ትሉታላችሁ፣ ሴት ስትጮህ እብድ» አለ። እኔን ብትጠይቁኝ ጨዋታ አቋርጦ መውጣት ጥፋት ነው፤ ሁለተኛው አስተያየትም ግን እውነት አለበት።

በዚያው በ2006 የቪቦርግ ቀን ደረሰ። በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የገጠመው ያንኑ ከአምስት ዓመት በፊት ያሸነፈውን ክሪም ሊዩብሊያናን ነው። በዚያን ጊዜ ፍጻሜው በደርሶ መልስ፣ አንድ ጊዜ በአገር ቤት አንድ ጊዜ በሰው አገር ነበር፤ የሁለቱ ጨዋታ ጎል ይደመራል። በድምሩ ቪቦርግ አሸነፈ። ሰባ ዓመት በሞላው ማኅበር ቤት የአውሮፓ ዋንጫ ገባ።

በ2007 ፖፖቪች ከስላግልሰ ወደ ቪቦርግ ተዛወረች። ከዚያ በኋላ በያኮብ ቬስተርጎርድ አሠልጣኝነት ቪቦርግ በ2009 የሃንጋሪውን ጂዮርን፣ በ2010 የሩማንያውን ኦልትሂምን በፍጻሜ አሸንፎ ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ ወሰደ። በአገር ውስጥም ከ2008 እስከ 2010 ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። የነገሥታቱ ሸንጎ የነበረበት ከተማ ስሙ በአውሮፓ እንደገና ተጠራ።

ረ. ጎርፉ ሲጎድል

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። የክለቦቹ ወርቅ የማን ነበር? በአብዛኛው የጥቂት ድርጅቶችና ባለሀብቶች። የአዳራሹ መግቢያ ትኬት ብቻውን የዓለም ኮከቦችን ደመወዝ አይችልም፤ አዳራሹ ራሱ ሦስት ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ ነው። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ዴንማርክ ክፉኛ ተመታች፤ የቤት ዋጋ ወደቀ፣ ሮስኪልደ ባንክ ወድቆ የመንግሥት እጅ ገባ። ድርጅት ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚቆርጠው ማስታወቂያውን ነው። ማሊያ ላይ የተጻፈው ስም ማስታወቂያ ነው፤ ስለዚህ የተቆረጠው የተጫዋቿ ደመወዝ ነው።

የሦስት ጊዜ ሻምፒዮኑ ስላግልሰ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከከፍተኛው ሊግ ጠፋ። በወንዶቹ በኩል ኮከብ ሰብስቦ አገሩን ያስደነቀው የኮፐንሃገኑ አ.ጌ. ክለብ በ2012 ከሰረ። የቪቦርግም ከዋክብት አንድ በአንድ ሄዱ። ፖፖቪች በ2010 ወጣች፤ በ2012 ከአገሯ ክለብ ከቡዱችኖስት ጋር ሌላ የአውሮፓ ዋንጫ አነሣች፤ በዚያው ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ ለሞንቴኔግሮ የብር ሜዳልያ አስገኘች። በዴንማርክ አዳራሾች የተሳለው ቢላ የሌላ አገር ሥጋ ቆረጠ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከነክን ሌላ ነገር አለ። ክለቦቹ አውሮፓን በገዙባቸው በእነዚያ ዓመታት ብሔራዊ ቡድኑ ወደቀ። በ2004 መጨረሻ በአውሮፓ ሻምፒዮና ብር ካገኘ በኋላ እስከ 2013 ድረስ አንድም ሜዳልያ አላገኘም። ለ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሦስት ጊዜ ተከታታይ ሻምፒዮን የነበረው ቡድን ማጣሪያውን እንኳ አላለፈም። በቤጂንግ ወርቁን የወሰደችው ኖርዌይ ናት፤ የኖርዌይ መሪዎች የነበሩት ግሮ ሐመርሰንግና ካትያ ኒበርግ ደግሞ በዚያን ጊዜ ደመወዝ የሚቀበሉት ከቪቦርግ ብዙ በማይርቀው ከዩትላንዱ የኢካስት ቡድን ነበር!

ሰ. ክርክሩ

በዚህ ላይ ሁለት አስተያየት አለ።

የመጀመሪያው «የውጭ አገር ተጫዋቾች ናቸው ያጠፉን» የሚል ነው። ክለቡ ዋንጫ ሲቸኩል የተዘጋጀች ኮከብ ይገዛል፤ የሠፈሩ ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታረጃለች። ገንዘቡ የዴንማርክ፣ ትምህርቱ የሌላው ሆነ ይላሉ። ከላይ ያየነው የኖርዌይ ምሳሌ ይህን ክርክር ያጠናክራል።

ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ ይላል። ሴት ልጅ በየቀኑ ከፖፖቪችና ከዩራክ ጋር ተለማምዳ ካልበረታች በምን ትበረታለች? ደግሞስ ደመወዝ የሚባለው ነገር ባይመጣ ኖሮ የዴንማርኳ ተጫዋችስ በሃያ ሦስት ዓመቷ ኳሱን ትታ ወደ ሥራ አትገባም ነበር? የገንዘቡን መጥፎ ጎን ስናወራ ሴቲቱ በነጻ የምትጫወትበትን ዘመን እንደ ገነት መሳል የለብንም። የወንዱ ደመወዝ «ሙያ» ሲባል የሴቷ ደመወዝ «ብክነት» የሚባልበት ምክንያት ምንድን ነው?

እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ ግን እዚያው ላይ አልቆምም። ችግሩ የውጭ ሴቶች መምጣታቸው አይመስለኝም። ችግሩ ቤቱ የቆመበት ምሰሶ ነው። ማኅበሩ በሺህ ትንንሽ መዋጮ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ አባል ቢወጣ ቤቱ አይናጋም። ኩባንያው ግን በሦስትና በአራት ትልልቅ ኪሶች ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ ኪስ ሲቀደድ ጣሪያው ይወርዳል። በተለይ ከታች ያለው ማኅበርና ከላይ ያለው ኩባንያ ሲራራቁ፣ ታች የምትለማመደው የአሥር ዓመት ልጅ ላይኛውን ቡድን በቴሌቪዥን ብቻ የምታውቀው ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዋንጫው ጎርፍ ነው፤ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል እንጂ ዘር አያበቅልም።

የቪቦርግ ታሪክ ከስላግልሰ የሚለይበትም ነጥብ ይኸው ይመስለኛል። ቪቦርግ ከገንዘቡ በፊት ብዙ አሥርት ዓመታት ማኅበር ሆኖ ኖሯል፤ ገንዘቡ ሲሄድም ከሥር የሚይዘው መሬት ነበረው። ከዋክብቱ ከሄዱ በኋላ በ2014 እንደገና የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫንም ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሻምፒዮንነቱን ሌሎች፣ በተለይ የኤስቢየርግና የኦዴንሰ ክለቦች ቢወስዱትም፣ የቪቦርግ ስም ከከፍተኛው ሊግ አልጠፋም። ኡልሪክ ቪልቤክም በ2018 የቪቦርግ ከንቲባ ሆነ። የእጅ ኳስ አሠልጣኝ የሸንጎው ከተማ አስተዳዳሪ ሆነ ማለት ነው። ጓደኛዬ ሆይ፣ ነገሥታቱን ፈልገህ ከነበር እዚህም አሉልህ!

ብሔራዊ ቡድኑም ቀስ እያለ ተነሣ። በ2013፣ በ2021 እና በ2023 በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ፣ በ2022 እና በ2024 በአውሮፓ ሻምፒዮና ብር፣ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ነሐስ አግኝቷል። የኦዴንሰ ክለብ በ2025 ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ በጂዮር ተሸነፈ፤ ከ2010 ወዲህ የተዘጋው በር ተንኳኳ እንጂ ገና አልተከፈተም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? አንድ የእጅ ኳስ ክለብ የዘመኑ መስታወት ነው። በ1936ቱ ማኅበር የገጠሩን የመተባበር ባህል እናያለን። በ1960ዎቹ አዳራሽ ሴቲቱ ከቤት ስትወጣ እናያለን። በ1990ዎቹ ወርቅ ውስጥ የምሥራቁ ሥርዓት መፍረስና የቴሌቪዥን ኃይል አለ። በ2006ቱ ዋንጫ ውስጥ የብድርና የብልጽግና ዓመታት፣ በባዶው ካዝና ውስጥ ደግሞ የ2008 ቀውስ አለ። ይህን ሁሉ ሳያውቅ ጎል ብቻ የሚቆጥር ሰው ኳስ ተመልካች ነው፤ ኳሱን ሳያይ ይህን ሁሉ የሚጽፍ ሰውም ግማሽ ታሪክ ጸሐፊ ነው።

ጥያቄው ግን ለዴንማርኮች ብቻ የሚተው አይደለም። ሴት ልጅ በጉልበቷና በችሎታዋ እንድትኖር ደመወዝ ያስፈልጋታል፤ ደመወዝ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ጥቂት ነው። እነዚህን ሦስቱን እውነቶች ሳያጣላ አብሮ የሚያኖር ቤት እንዴት ይሠራል? የቪቦርግ ሴቶች ሦስት ጊዜ አውሮፓን አሸንፈው እንኳ ይህን ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አልመለሱትም። መሞከራቸው ግን በታሪክ መጻፍ አለበት።

ይህን ረቂቅ ለጓደኛዬ አስነበብኩት። ጨርሶ ሲያበቃ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ታሪክ ነው» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «ግን ያቺ ከሜዳ የወጣችው አሠልጣኝ ልክ ናት» ብሎ ክርክሩን እንደገና ለኮሰው። ይህን ጽሑፍ ሳስረክብም እየተከራከርን ነው።